ዘግይታ የተተኮሰችው ጥይት

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልም። ሻይ እስኪበርድልኝ አልታገስም፤ ምላሴን እያቃጠልኩ እጠጣለሁ። ባለቤቴ «አንተን እሾህ ላይ ነው የወለዱህ» ትለኛለች። ካርቲየ 1 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ያለችው የቶርኖ ሱቄ ደንበኛ የማታጣውም በዚሁ ጠባዬ ነው፤ ሌላው ነገ ና የሚለውን እኔ ዛሬውኑ ጨርሼ እሰጣለሁ። አያቴ በምድር ባቡር ዘመን መጥቶ ጅቡቲ ሲቀር ያወረሰን ሀብት ይኸው የብረት ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ይህ ችኮላዬ የአንድ ሽማግሌ ዓይን ሊያጠፋ ጥቂት ነበር የቀረው።

ሙቀቱ በጠናበት ወቅት አንድ ሐሙስ ጠዋት የድሮ መምህሬ ሱቄ መጡ። ፈረንሳዊ ናቸው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሞረድ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አገራቸው አልገቡም፤ ራስ ዲካ፣ ከባሕሩ ብዙ ሳይርቁ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። እስከ ዛሬ እንደ ተማሪነቴ፣ ጌታዬ ለማለት፣ «ሙሴ» ነው የምላቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ስፈታው የጠመንጃ ማቀባበያ ነው።

«ምን ሆነ ሙሴ?»

«ይዘገያል። ምላጩን ስስብ ቀጭ ይልና ዝም ነው። ከዚያ ሳላስበው ይተኩሳል። አንዳንዴም ጭራሽ አይተኩስም።»

ጠመንጃዋ ፈቃድ ያላት አሮጌ ጠመንጃ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የተኩስ ሜዳ በየዓርቡ ካርቶን ላይ ያነጣጥሩባታል። ትከሻቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ሐኪሙ «ጠመንጃ በቃዎት» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አልተዉም። ድሮም ባዶ ቀለህ ለቅመው በገዛ እጃቸው ይሞሉ ነበርና፣ አሁን ትከሻቸውን የሚመታው ግፊያ እንዲለዝብላቸው ባሩዱን ቀነስ ማድረግ ጀመሩ። ችግሩም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ማቀባበያውን ፈታሁት። ጥይቱን ከኋላ የሚመታው መርፌ ላይ የቆየ ግራሶ እንደ ሙጫ ደርቋል፤ መርፌውን የሚገፋው ሞላም ደክሟል። አጠብኩት፣ ሞላውን በአዲስ ቀየርኩ፣ ምሳ ሳይደርስ አስረከብኳቸው። «አለቀ» አልኳቸው። «ሳንሞክረው?» አሉኝና ፈገግ አሉ። በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ።

ሜዳው ላይ ከእኛ ሌላ የነበረው ጠባቂው ብቻ ነው። ሙሴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥይቶች በደንብ ተኮሱ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ በሥራዬ ልቤ አብጧል። አራተኛዋን አጎረሱ፤ ጠመንጃዋን አቀርቅረው ትከሻቸውን ትንሽ አሳረፉና ቀና አድርገው አነጣጠሩ። ምላጩን ሳቡ።

ቀጭ።

ሞላዬ የከዳኝ መሰለኝ። ነድጄ በትከሻቸው ላይ ተንጠራራሁና ማቀባበያውን ልከፍት እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ብረቱን እንደነካ በክርናቸው ደረቴን መቱኝ። ወደ ኋላ ስንገዳገድ ጥይቷ ባረቀች።

ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ያ ፍንዳታ የሚወጣው በአፈሙዙ ሳይሆን በፊታቸው በኩል ነበር። ይህ የገባኝ መሬት ላይ ተቀምጬ ጆሮዬ እየጮኸ ነው። ሙሴ ጠመንጃዋ ባዶ መሆኗን አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኟት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«ቀጭ ካለ በኋላ ምን ይደረጋል?»

ከመሬት ልነሳ ስል ራሳቸው መለሱት።

«ምንም አይደረግም! አፈሙዙ ጥይቱን ከሚያስቆመው የአፈር ግድግዳ አይነሳም፣ እጅም ማቀባበያው ላይ አይሄድም። ይጠበቃል። አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ከዚያም በላይ ይጠበቃል። ሰማህ?»

«ሰማሁ ሙሴ።»

«መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ።»

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደ ተማሪ ተባርሬ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «እጅህን አሳየኝ» አለችና ደጋግማ አየችው፤ ሙሉ መሆኑን ቆጥራ ማረጋገጥ የፈለገች ትመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ መቀመጫ አጣሁ። ሥራ እጀምራለሁ፣ አቋርጠዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዕለቱ ጫት ደርሶ ሰፈሩ ለመቃም ጸጥ ሲል፣ ራስ ዲካ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ይቅርታ ጠይቄ የከሸፉባቸውን ጥይቶች እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውን፣ ስትመታ እሳት የምትረጨውን ትንሽ ቆብ በማጉያ መነጽር አየናት። ካፕሱል ይሏታል። የመርፌው ምት ጥልቅ ነው፤ መሃሏን ነው ያገኘው። ጥፋቱ የሞላው አይደለም ማለት ነው።

«እርጥበት ይሆናል» አልኩ። በዚህ ከተማ ጨው እንኳ ውኃ ይሆናል።

«ካፕሱሎቹን አንድ ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ ያው ነው። ባሩዱም ከታሸገው ቆርቆሮ አሁን የወጣ ነው።»

ባዶ ቀለህ ሰጡኝና ይዤው ወደ ሱቅ ተመለስኩ፤ ሳንመረምረው የቀረው የባሩዱ ልክ ነበር። ጎኑን በመጋዝ ቁመቱን ቀድጄ በቀጭን ፕላስቲክ ሸፈንኩት፤ ውስጡ እንዲታይ። በባሩድ ፋንታ ከአሳል ሐይቅ የመጣ ጨው ፈጭቼ እሳቸው ባሩድ የሚሞሉትን ያህል ጨመርኩና አፉን ደፍኜ አግድም ያዝኩት። ከግማሹ በላይ ባዶ ነው። አፉን ወደ ታች ሳዘነብለው ጨዉ ሁሉ ወደ ፊት ሸሸ። ቀስ ብዬ ሳቀናው እዚያው ፊት ለፊት ተኝቶ ቀረ፤ ካፕሱሏ ያለችበት ኋላው ባዶ ሆነ። እሳቷ የምታገኘው አየር ብቻ ነው። ያቀረቀረችው ጠመንጃ፣ ያረፈው ትከሻ ትዝ አለኝ። ሱቁን ሳልዘጋ ወደ ራስ ዲካ ሮጥኩ።

ሙሴ ቀለሁን ተቀብለው መስኮቱ ጋ አቀኑት፣ አዘነበሉት፣ ደግመው አቀኑት።

«ይህን እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሞከርነው። እኔ ከመስመሩ ኋላ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። አፈሙዙን አቀርቅረው ቀና ሲያደርጉት ጥይቷ ዘገየች፤ ሁለተኛዋ ጭራሽ አልተተኮሰችም፣ ደቂቃዋን በሰዓት ጠበቅን። ባሩዱ ወደ ካፕሱሏ እንዲመለስ አፈሙዙን ወደ አፈሩ ግድግዳ አናት ቀና አድርገው ቀስ ብለው ሲያወርዱት ግን ቀጥለው የሞከሯቸው ሦስቱም ወዲያው ተተኮሱ። በደስታ አጨበጨብኩ። እሳቸው አላጨበጨቡም።

«አገኘነው እኮ ሙሴ! ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀና ማድረግ ነው።»

«ሁልጊዜ? ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ትናንት ምድጃ ላይ ውኃ ጥጄ ረሳሁ። ሰው ባስታወሰ ቀን ብቻ በደህና የሚተኮስ ጥይት ጥይት አይደለም።»

ድሮ ወደሚሞሉት ልክ መመለስ ትከሻቸው አይችልም። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ጥይቶቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ እርሳሱን ለብቻ፣ ቀለሁን ለብቻ። ልረዳቸው ብል አልፈቀዱም። ጠረጴዛው ዳር ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ከሐኪሙ ጋር የጀመሩት ክርክር ዛሬ ያለቀ ይመስል ነበር።

ጠመንጃዋን ለማስረከብ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ። መዝጋቢው በሶማሊኛ «ትሠራለች?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው በሶማሊኛ መለሱለት፦ «ጠመንጃዋ ምንም አልሆነችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አሁን ዓርብ ዓርብ የሜዳውን ትንሿን ጠመንጃ ተውሰው ይተኩሳሉ። ግፊያዋ ትከሻን በጣት ነካ እንደማድረግ ነው። «የሕፃን መጫወቻ» እያሉ ያማርራሉ፤ መቅረት ግን አያውቁም። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሲያነጣጥሩ ከመስመሩ ኋላ እቆምና እጆቼን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።