ለአንድ ሰው የምትሆን ታንኳ

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበረው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይሄዳል፣ ማታ ዱቄት ለብሶ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ወፍጮው ይጮሃል፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ደግሞ ከወፍጮው በላይ «የኔ ተራ ነው!» እያሉ ይጮሃሉ። በዚህ መሀል ጆሮው ደከመ፤ ድምፁም አብሮ ከፍ አለ። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብሉኝ» ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ብቅ ቢል አይገርመንም ነበር። ወፍጮውን ሸጦ ቤት የተቀመጠው እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በምጠብቅበት ክረምት ነው።

ወዲያው ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። በታላቅ ወንድሜ ሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ድረስ ይሄድና ከውሃው ዳር ቆሞ መንጠቆውን ይወረውራል። ግን የወሎ ሰው ብቻውን የቆመ ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። «እንዴት ዋሉ አባባ? ያዘልዎት? ልጆች ደኅና ናቸው?» አባቴ ግማሹን ስለማይሰማ ጥያቄው እንደገና ይጀመራል። አንድ ቀን ባዶ እጁን ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ፣ «ዛሬም ወፍጮ ቤት ነው የዋልኩት» አለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ፈረንጅ ካያክ የሚሏትን ጠባብ የፕላስቲክ ታንኳ ይዞ ሲመጣ አባቴ አየ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። መሀል ሐይቅ ገብቶ ሲያጠምድ ዋለ፤ አንድም ሰው እንዴት ዋልክ አላለውም!» አለ በቅናት። የእንጨት ለማሠራት ወሰነ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ልኳን ፈልጊልኝ።» እኔ ደግሞ ሲያዙኝ የምሮጥ ነኝ።

መጀመሪያ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ታንኳ ይሠራሉ?»

«አብሽሪ፣ እንጨት እንጨት ነው። ሜትር ከሃያ ነው ሜትር ከሃምሳ?»

«እሱ የአልጋ ነው እኮ።»

«ታንኳስ ሰው አይጫንበትም? ስንት ሰው እንደሚይዝ ወስኑና መሬት ላይ አስምሪልኝ። ቅዳሜ መጥቼ እለካዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ከዚያ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አነበብኩ። ረጅም ታንኳ ቀጥ ብሎ ቶሎ ይሄዳል፤ አጭር በቀላሉ ይዞራል፤ ሰፊ ቶሎ አይገለበጥም፣ ግን ሲቀዝፉት ይከብዳል። ክብደት ሲታሰብም ሰውየው ብቻ ሳይሆን ዕቃው፣ ምሳውና የሚይዘው ዓሣ ጭምር ይቆጠራል። ይህን ለቤተሰቡ ሳነብ ወንድሜ «ዓሣውን ተዪው፣ እሱ አይከብድም» አለ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ሲሚንቶ በሆነው ግቢ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ፤ ርዝመቷ ሦስት ሜትር፣ ስፋቷ ሰባ ሳንቲም። አባቴ መሀሏ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ተቀመጠና የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ግራ ቀኝ ቀዘፈ። «ልኬ ናት!» ሲል መንደሩ ሰማ።

እናቴም ሰማች። እጇን እያደራረቀች ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ብቻህን ነው የምትወጣው?»

«ታዲያ ከማን ጋር?»

«ሰው ቢጠራህ አትሰማ! ነፋስ ቢነሳ ማን ይነግርሃል? እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ፣ ጆሮ እሆንሃለሁ።» ወንበር አምጥታ ከኋላው ተቀመጠች። እኔም መስመሩን አስረዘምኩ።

የአባቴ ታላቅ እህት ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። «ባልና ሚስት ውሃ ላይ ሲዝናኑ እኔ ቤት ልጠብቅ?» ብላ እሷም ገባች። «ደግሞ ለብቻ መዋል ምን የሚሉት ነገር ነው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!» አሁንም አስረዘምኩ፤ ትንሽም አሰፋሁ።

«እነዚህን ሁሉ ጭኖ ማን ሊቀዝፍ ነው?» አለ ወንድሜ። ከፊት ዘሎ ገባና እንደ ረዳት አንገቱን አውጥቶ ይጣራ ጀመር። «ሐይቅ ሐይቅ ሐይቅ! አንድ ሰው የቀረው!»

ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ግን ተነሣ። የመጥረጊያውን እንጨት ለእናቴ ሰጠና መስመሩን ተሻግሮ ወጣ።

«በሉ፣ ደኅና ግቡ። ለአናጢው አትምጣ በይው። ዓሣ ሲያምረን እንገዛለን።»

ይህን ያለው ቀስ ብሎ ነው። በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምተነው ስለማናውቅ ሳቃችን ጠፋ። እሱ ወደ ቤት ገባ፤ ሦስቱ ሾፌሩ የወረደበት መኪና ላይ እንደቀሩ ሰዎች ተያዩ። ጥቂት ቆይቶ ዝናብ መጣና ሁሉም ሮጠው ገቡ። ጠመኔው ታጥቦ ሄደ።

ለአናጢው አትምጣ አላልኩትም። ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ፣ «ያንን ትልቁን አስምሪ እንጂ፣ ሰውየው ሊመጣ ነው!» አለችኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ለሁሉም እሺ ማለት ለምዶብኛል። ግን ጠመኔውን ይዤ ሳጎነብስ የአባቴ ዝቅ ያለ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ሦስት ሜትር በሰባ ሳንቲም አሰመርኩ።

አክስቴ መጥታ አየችው። «ይኼ ምንድን ነው? የሬሣ ሣጥን?»

«የአባዬ ታንኳ ነው።»

«የእኛስ?»

ጠመኔውን ይዤ ቀና አልኩ። «እትዬ፣ አይቆጡኝ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጠራው ነው የኖረው። ማንም የማይጠራው ቦታ ነው የሚፈልገው። እኛ ከተሳፈርንማ ወፍጮውን ባይሸጠው ይሻለው ነበር።»

«ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ እንዲህ የሆነች፣ ስትገባማ እኛንም ትሸጠናለች!»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። መስመሩን ብዙ አየችው። ከዚያ መጥታ «ጠመኔውን አምጪ» አለችኝና ተንበረከከች። በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ጨመረች።

«ርዝመቱ የእሱ ይሁን። ስፋቱ የእኔ ነው። እንዲገለበጥብኝ አልፈልግም።»

«እማዬ፣ ከሰፋ ሲቀዝፍ ይከብደዋል።»

«ይክበደው። ኩንታል ሲሸከም የኖረ ሰው ነው።»

አናጢው መጥቶ ሜትሩን ዘረጋ። «ዘጠና ልትሞላ ነው። ማሻአላህ፣ የላጤ አልጋ ነው በይኛ!» አባቴ የአናጢውን ትልቅ ሳቅ ሰምቶ ወጣ። መስመሩን ዞሮ ዞሮ አየና ገብቶ ተቀመጠ፤ እጁን ግራ ቀኝ ወረወረ።

«ማነው ያሰፋት? ክርኔ ሊነካ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ቻለው!» አለች እናቴ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ታንኳዋን ሚኒባሱ ላይ አስረን ሁላችንም ሐይቅ ወረድን። እናቴ አፋቸው የተከደነ ባዶ ጀሪካኖች ከፊትና ከኋላ አሳስራለች፤ ወንድሜም የተነፋ የመኪና የውስጥ ጎማ ጨምሮበታል። አባቴ ገብቶ ተደላደለ። እናቴ ካልጸለይኩ አለች። ጸሎቷ ረጅም ነው፤ ዓሣ አጥማጅ የነበሩትን ሐዋርያት በየተራ አነሣች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ እየሰማ ታንኳዋ ቀስ እያለች ከዳር ራቀች። «አሜን» ያለው ከውሃው ላይ ነው።

ከዚያ ቀዘፈ። ከቄጠማው አልፎ ጀርባውን ሰጠንና መንጠቆውን ጣለ።

እናቴ ቆማ ቀረች። መንገደኞች መጡ። «እንዴት ዋላችሁ? ያ ውሃው ላይ ያለው ማነው?» አሁን የሚጠየቁት እኛ ነን፤ አክስቴ ስለ ሁሉም፣ ስለ ጤናውም ስለ ወፍጮውም፣ በደስታ ትመልሳለች። ቀትር ላይ ነፋስ ተነሣ። ታንኳዋ ተወዛወዘች፤ እናቴ ነጠላዋን ጨመደደች። አባቴ ግን መንጠቆውን እንደያዘ ነው፤ ዘወር ብሎም አላየ። ታንኳዋ መወዛወዟን ተወች።

«ጥሩት፣ ምሳ ይብላ» አለች አክስቴ።

ወንድሜ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሊጣራ ሲል እናቴ ክንዱን ያዘችው። «ተወው። ሲርበው ይመጣል።» ከዚያ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ተቀመጠችና የምሳ ዕቃውን ከፈተች።