ክርክር የሌለበት መሬት

ሰፈራችን ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ በባሕር ዛፉ መሐል ተበትኖ የተሠራ ነበር። በሙሉ ተቆጥሮ ሃያ ቤት ቢሆን ነው፤ ከሃያው ግን ያልተከሰሰ አንድም አልነበረም። ከሳሹ ሁልጊዜ አንድ ሰው ናቸው፤ አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን። አንዱን ዛፍህ ጥላውን ጣለብኝ፣ ሌላውን ዶሮህ ገብሴን በላችብኝ ብለው ከሰዋል። "ደህና አደሩ?" ሲሏቸው እንኳ "በምን ሕግ?" የሚሉ ይመስሉ ነበር፤ ይህቺ ጥያቄ ከአፋቸው አትጠፋም። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው በሳምንት ሦስት ቀን ፍርድ ቤት ይወርዳሉ።

እናቴን የከሰሷት በምንጩ መንገድ ነው። ምንጩ ከሁለታችን ይዞታ በላይ ነበር፤ ወደዚያ የሚያደርሰው ቀጭን መንገድ ደግሞ በድንበራችን ላይ ያልፋል። እሳቸው "በኔ በኩል ነው" ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ ይዞታውን ከአባቷ የወረሰችው ነውና "በአባቴ በኩል ነው" ትላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔን ያሳደገችው ጠላ ሸጣ ነው። ጠላው የሚጠመቀው በዚያ ምንጭ ውሃ ስለነበር መንገዱ ከተዘጋ እንጀራችን ተዘጋ ማለት ነው። ክርክሩ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ የምንጩን ቦታ ከነመንገዱ ማንም እንዳያጥረው፣ ማንም ለሌላ እንዳያስተላልፈው ዳኛው አግደው ነበርና እናቴ ስምንቱንም ዓመት ውሃዋን ቀዳች፤ እሳቸውም ስምንቱንም ዓመት ከሰሷት።

ቀጠሮ ሲደርስ ታዲያ አብረው ነበር የሚወርዱት፤ እንደ ጥንቱ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ የታሰሩ ይመስል። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ያወጋሉ። ዳኛው ፊት ሲቆሙ ጎረቤታችን ኩታቸውን ያጣፉና "ይህች ሴት!" ብለው ይጀምራሉ። ሲመለሱ ሙግቱ ጉሮሯቸውን ስለሚያደርቀው እኛው ቤት ጎራ ብለው ጠላ ይጠጣሉ።

ይህን በመሰለ ሰላም ስንኖር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕዝቡ እንደራሴውን በገዛ ድምፁ ይመርጣል ተባለ። እኔ ያኔ ከዳገቱ ሥር ባለች ትምህርት ቤት ፊደል አስተምር ነበርና ሽማግሌዎቹ ሕጉን አንብቢልን አሉኝ። እናቴ ጠላ ቤት ቆሜ አነበብኩላቸው። መራጭ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ይሁን ይላል፤ እኔ ሃያዬ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ሕጉን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መምረጥ የማልችለውም እኔ ብቻ።

"እንደራሴ የሚሉት ሥራው ምንድን ነው?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

"ፓርላማ ገብቶ ስለ ሕዝቡ ይከራከራል።"

"ስንት ዓመት?"

"አራት።"

"ሲከራከር የሚውለው እዚያው ነው?"

"እዚያው ነው።"

ሽማግሌው ዋንጫቸውን አስቀምጠው "ተመስገን!" አሉ። ሌሎቹም አሜን አሉ። እንግዲህ የሌላው ሰፈር ሰው እንደራሴውን ምን አይቶ እንደመረጠ አላውቅም፤ የኛ ሰፈር የመረጠው ለመገላገል ነው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጎረቤታችን ዘንድ ሄዱ። "ለአገር የሚበቃ አንደበት በአጥር ሲያልቅ ያሳዝናል" አሏቸው። እሳቸውም ይህን ከድሮም ያስቡት ነበርና ወዲያው አመኑ። ችግር የመጣው ከሕጉ ነው። ዕጩው በምርጫው ክልል የሚኖርና እዚያው ንብረት ያለው ይሁን ይላል። መዝጋቢው ጸሐፊ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፤ "ክርክር የሌለበት መሬት መሆን አለበት" አለ። የጎረቤታችን መሬት ሰፊ ነበር፤ ክርክር የሌለበት ግን አንድ ስንዝር አልተገኘም።

ስለዚህ የዕድሜ ልክ ክሳቸውን በአንድ ቀን አነሱ። የእናቴም ተነሣ። የዕርቁን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ከዛሬ ጀምሮ በምንጩ ቦታ ላይ ምንም ክርክር የለም" ብዬ፣ ለተማሪዎቼ በማሳየው ቁም ጽሑፍ። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችና እልል አለች።

የምርጫ ምልክታቸው ጃንጥላ ሆነ። አንዲት ባልቴት ጃንጥላው የሚታደለው መቼ ነው ብለው ከመጠየቃቸው በቀር ምርጫው በሰላም አለፈ። እሳቸውም አሸነፉ። ሰፈሩ በጭፈራ ሸኛቸው፤ እንዲህ የተደሰትነው እሳቸው በመሾማቸው ሳይሆን በመሄዳቸው መሆኑን ከእሳቸው በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ማንም ማንንም ሳይከስ ከረምን። ከዚያ ገመድ የያዙ ሰዎች መጡና ምንጩን ከነዙሪያው ለኩ። ቦታው ለአንድ ትልቅ ሰው በስጦታ ተሰጥቷል አሉን። እናቴ "የኔ መንገድ አለበት!" ብላ ስትጮህ አንደኛው ከመዝገቡ ወረቀት አውጥቶ "ክርክር የለበትም" አላት። አየሁት። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እናቴ ግን አልደነገጠችም። "እንደራሴ አለን" አለች።

አራት ኪሎ ወርደን ፓርላማው በር ላይ፣ ከሰዓቱ ማማ ሥር ቆምን። ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ወጡ፤ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሰዋል፤ ጃንጥላቸውን አልያዙም። እናቴ ነገሩን ነገረቻቸው።

"ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው" አሉ።

"የምን ጥናት ጋሼ? እዚያ ገብተው 'በሕግ አምላክ!' ይበሉልን እንጂ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆም የለም እንዴ?"

ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እህቴ፣ እዚያ ውስጥ የሚከራከር ሰው የለም። ነገሩ አልቆ ይመጣል፤ እኛ እጅ እናወጣለን። ስጦታው ደግሞ ከላይ ነው። ሰማይ አይታረስ…" ብለው ተዉት። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እናቴ "እንግዲያው ይክሰሱኝ" አለች።

"ምን?"

"እንደ ድሮው ይክሰሱኝ። ክርክር ካለበት አያጥሩትም። ስምንት ዓመት ውሃዬን ያቆየልኝ የእርስዎ ክስ ነበር፤ አላወቅኩም።"

ፊታቸው ላይ የድሮው ሰውዬ ብልጭ ሲል አየሁ። ወዲያው ጠፋ። "እንደራሴ ሆኜ ከጠላ ሻጭ ጋር በአጥር ብካሰስ ለምክር ቤቱ ክብር…" ብለው ይህንንም ሳይጨርሱ ሄዱ።

አጥሩ ታጠረ። እናቴ ውሃ ከወንዝ ስታመላልስ ወገቧ ጎበጠ። ጠላዋም ያ ጠላ መሆኑ ቀረ፤ ጠጪው እየሳሳ ሄደ።

አራቱ ዓመት ሲያልቅ ጎረቤታችን አልተወዳደሩም። ሸምግለው፣ ዝም ብለው ተመለሱ። አንድ ቀን የፍርድ ቤት መልእክተኛ መጥሪያ ይዞ መጣ። እናቴ አንብቢው አለችኝ፤ ጎረቤታችን በምንጩ መንገድ ከሰዋታል። እንዴት ያለ እልልታ አቀለጠችው! ጎረቤት ሁሉ እኔ የታጨሁ መስሎት እየሮጠ መጣ።

በቀጠሮው ቀን አብረው ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ጎረቤታችን ኩታቸውን አጣፍተው "ይህች ሴት!" አሉ። እናቴ እንባ በዓይኗ ሞልቶ ፈገግ አለች። ዳኛው መዝገቡን ገለጥ አድርገው፣ "ቦታው የሌላ ሰው ነው። የናንተ ባልሆነ መሬት ምን ያከራክራችኋል?" አሉና ዘጉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ስንመለስ በአጥሩ ሥር አለፍን። ጎረቤታችን በጃንጥላቸው ጫፍ ወደ ውስጥ እየጠቆሙ፣ "ይኸው፣ በኔ በኩል ነበር" አሉ።

"በአባቴ በኩል ነው!" አለች እናቴ።

"ከአጥሩ ራቅ በሉ!" አለ ዘበኛው ከውስጥ።

ጎረቤታችን ራቅ አሉ። እናቴ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። "በምን ሕግ?" አለችው።

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ፤ የተማረች መስዬው ይሆናል። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።