ራቤል ላይ ሊኑክስ የጫንኩ ጊዜ

ራቤል በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የእንስሳት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ደብረ ብርሃን ወርጄ አጭር የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ነበር። ሥልጠናው በአብዛኛው ማብራትና ማጥፋት ነበር። ስመለስ ግን የኮምፒውተር ሊቅ ተብዬ ተቀበሉኝ።

ስለዚህ ያቺ የእጅ ኮምፒውተር ስትመጣ ለማን እንደምትሰጥ የተጨነቀ አልነበረም። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ጥሎልን የሄደ፣ መዳፍ የምታክል፣ ስክሪኗን በቀጭን ዘንግ እየነኩ የሚያዟት ዕቃ ናት። የገበሬውን በግ በረቱ ድረስ ሄደን እንድንመዘግብባት ነው። እንዳለመታደል አማርኛ አታውቅም፤ ፊደላችንን ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርጋ ታሳያለች። በጉም ሳጥን፣ ባለቤቱም ሳጥን።

አዲስ አበባ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን በስልክ ባማክረው፣ «ያለውን ማስነሻ ፕሮግራም አጥፋና ሊኑክስ የሚባለውን ጫንባት። አማርኛ ይጽፋል፤ ደግሞም ነፃ ነው» ብሎ ሲዲ በአውቶቡስ ላከልኝ።

ኃላፊዬ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ሲዲውን አገላብጠው አዩት።

«ነፃ ስትል የምን ነፃ ነው?»

«አይከፈልበትም ማለቴ ነው፣ ጋሼ።»

ፖለቲካ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ፈቀዱልኝ።

የመሣሪያዋ ሚሞሪ የሠርግ ቪዲዮ ቢጫንበት ሙሽሪት ከቤቷ ሳትወጣ የሚሞላ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሊኑክሱን ከመጫኔ በፊት በቢሮው ኮምፒውተር ላይ መቀነስ ነበረብኝ። ድምፁን ጣልኩ። ጨዋታዎቹን ጣልኩ። ካልኩሌተሩም ሄደ። በመጨረሻ ሰዓቱን ሳይቀር አወጣሁት፤ መሥሪያ ቤታችን እንደሆነ ሰዓት ተጠቅሞ አያውቅም።

በገመድ አያይዤ መጫን ጀመርኩ። አሮጌው ተደመሰሰ፤ አዲሱ ሊገባ ሲል መብራት ጠፋ። ስክሪኗም ጭልም አለ።

«ሞተች?» አሉ ኃላፊዬ በሩ ላይ ቆመው።

«የለም ጋሼ፣ እንቅልፍ ነው።»

በልቤ ግን ተዝካሯን እያሰብኩ ነበር።

መብራቱ እንደ ልማዱ በዚያው ጠፍቶ ሰነበተ። ጄኔሬተር ያለው የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜ የቢሮውን ኮምፒውተር አሸክሜ ሄድኩ።

«ኳሱ ሳይጀመር ጨርስ» አለኝ።

ቤቱ ከገበያ በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ኮምፒውተሬን ስሰካ የቴሌቪዥኑ ምስል ተርገበገበ፤ ተመልካቹም ከእኔ ጀምሮ እስከ ዘር ማንዘሬ ድረስ በስድብ አዳረሰ። ጥቂት ቆይቶ በሚጢጢዋ ስክሪን ላይ ነጫጭ ጽሑፎች መሮጥ ሲጀምሩ ግን፣ ሲሰድበኝ የነበረው ሁሉ ተነሥቶ ትከሻዬ ላይ ተደረበ። የሊኑክስ ምልክት የሆነችው ወፍ ብቅ አለች።

«ዳክዬ ናት!»

«ኧረ ቁራ ነው፤ ነጭ ደረቱን አታይም?»

ስለ ፔንግዊን ለማስተማር ጊዜ አልነበረኝም። ዘንጓን ይዤ «በግ» ብዬ ጻፍኩ። በግ ሆኖ ታየ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ። ለአንድ በግ!

ሰኞ ኃላፊዬ ራሳቸው ሊሞክሯት ፈለጉ። የመመዝገቢያው ፕሮግራም የተረፈውን ቦታ ሁሉ ውጦት ስለነበር፣ ገና ሲጀምሩ «ቦታ ሞልቷል» አለቻቸው።

«ለመሆኑ ስንት በግ ትይዛለች?»

«የአንድ ገበሬ በረት ትይዛለች፣ ጋሼ።»

«የየትኛው ገበሬ?»

«የድሃ ከሆነ።»

እስክሪብቷቸውን አነሡና፣ ሪፖርቱ ላይ «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ በአገር ቋንቋ ሥራ ላይ ውሏል» ብለው ጻፉ። በግምገማው ላይ ተመሰገኑ። ለእኔ ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠኝና በጎቹን በዚያ መመዝገብ ቀጠልኩ፤ መሣሪያዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈች።

አልፎ አልፎ ቁልፉን ለምኜ አበራት ነበር። ኃላፊዬ «ምን ልታደርግ ነው?» ሲሉኝ፣ «እንዳትበላሽ ብዬ ነው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስትነሣ ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው።