የእትየ ሙሉ ሃያ ደቂቃ

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር የሰቆጣው ክሊኒክ የጓሮ ክፍል ይመጣብኛል፤ ከእሱም ጋር አክስቴ እትየ ሙሉ፣ ከእሷም ጋር የድሮ ቅናቴ። ሰው በወንድሙ፣ በእህቱ ይቀናል። እኔ የቀናሁት በመቀስ ነው።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። ክሊኒኩ ውስጥ የሕክምና ዕቃ አጣቢ ነበረች። ደም የነካውን መቀስና መቆንጠጫ በረኪና በተበጠበጠበት ባልዲ ትዘፈዝፋለች፣ አውጥታ አፉን እየከፈተች በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ትፈትጋለች፣ ከዚያ የላምባ ምድጃ ላይ በተጣደው ድስት ትቀቅላለች። ውሃው ሲፈላ፣ ውስጡ የተሣለች ዶሮ በየሰከንዱ ጥሬ የምትለቅምበትን የቻይና ሰዓት ፊቷ አስቀምጣ ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለች። በዚያ ሰዓት ባናግራት አትሰማኝም። የእኔን ፀጉር ግን እየተቻኮለች፣ እያሳመመችኝ ነበር የምትጎነጉነው።

አራተኛ ክፍልን አንደኛ የወጣሁ ጊዜ፣ ስሸለም መጥታ እንድታየኝ ለመንኳት። «ይችን ቀቅየ እመጣለሁ የኔ ልጅ፤ ምጥ የያዛት ሴት ከጋዝጊብላ በቃሬዛ መጥታለች» አለችኝ። ሰዓቱን አየሁት፤ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ትሪው ላይ ግን ታጥቦ ተራውን የሚጠብቅ አንድ መቀስ አለ። ለእሱ ደግሞ ሌላ ሃያ ደቂቃ ልትቀመጥ ነው አልኩና፣ አብሮ ይቀቀል ብዬ ድስቱ ውስጥ ጣልኩት።

አልተቆጣችኝም። «ያልተቀቀለ ከገባበት ሁሉም ያልተቀቀለ ነው» አለችና ሰዓቱን አይታ እንደገና ከሀ ጀመረች።

ብቻዬን ሄድኩ። ደብተርና እስክሪብቶ ስሸለም ያጨበጨቡልኝ የሌሎች ልጆች እናቶች ናቸው። ሜዳው ባዶ ከሆነ በኋላ እጇ እንደረጠበ እየሮጠች መጣች። «ወንድ ልጅ ተገላገለች» አለችና ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። ዓይኑን ባላየሁት ሕፃንም ቀናሁ።

«እጅሽ ይሸታል» አልኳት።

እጇን ሰብስባ በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትመለስ እጇን በሎሚ ሳታሽ ነክታኝ አታውቅም።

ከዓመታት በኋላ እትየ ሙሉ ስትቀበር፣ ያች የጋዝጊብላ ሴት ያን ቀን የወለደችውን፣ አሁን ጎረምሳ የሆነ ልጇን አስከትላ መጣች። ልጁ አክስቴን «እናቴ» እያለ ሲያለቅስ እዚያም ቀናሁ፤ እኔ እንዲያ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ቤት ገብቼ የልብስ ሳጥኗን ስከፍት ሰዓቱ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዶሮዋ ቆማለች፤ አላሠራኋትም። በረኪና የነካሁ ቀን ግን እጄን ቶሎ አልታጠብም።