በካቴና የሄድኩበት ምዘና

የያዙኝ መካነ ሰላም በተከራየኋት ክፍሌ ውስጥ፣ ጠዋት ላይ ሽቦ እየላጥኩ ሳለሁ ነው። ከሳምንት በፊት በወጣቶች ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ ጥያቄው አጭር ነበር፣ መዘዙ ግን ረዘም አለ። ከፖሊሶቹ አንዱ ጣውላ ላይ የገጠምኳቸውን ማብሪያ ማጥፊያና አምፖል ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለፈተና መለማመጃ ነው።»

«የምን ፈተና?»

«የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ምዘና። ሐሙስ ነው።»

አላመነኝም። ጣውላዬን እንደሚፈነዳ ነገር ከደረቱ አርቆ ይዞ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ ብሶ ስለነበር ሳቄ መጣ።

ያስገቡኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ስንዴው ከወጣ ቆይቷል፣ አቧራው ግን አልወጣም፤ ሠላሳ ሰው ተራ በተራ ያስነጥሳል። በሩ ሲዘጋብኝ ያሰብኩት ስለ ሐሙስ ነበር። ዘመዶቼ ደሴ ሄደህ አካውንቲንግ ተማር ሲሉኝ አሻፈረኝ ብዬ እዚሁ ከተማ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የገባሁት እኔ ነኝ። አባቴ «የመብራት ምሰሶ ላይ ለመንጠልጠል ትምህርት ምን ያደርጋል?» እያለ ሲተርበኝ ከርሟል። ምዘናው ካለፈኝ የሙያ ፈቃድ የለም፤ ቀጣዩ ምዘና ደግሞ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ለካቦው ነገርኩ። ካቦ የምንለው እስረኛውን የሚያስተዳድረውን እስረኛ ነው፤ የእኛው ካቦ ጢማቸው የነጣ የአጅባር እህል ነጋዴ፣ ሐጂ ነበሩ።

«አብሽር!» አሉኝ። «ሽማግሌ እንልካለን።»

«ለማን?»

«ለአዛዡ ነዋ! ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ይላክ የለ? ለማስፈተን የማይላከው ምን ሆኖ ነው?»

እሳቸው፣ አብረውን የታሰሩ አንድ ቄስና አንድ ጡረተኛ መምህር ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ኋላ እንደነገሩን፣ አዛዡ ወንበር ቢያቀርብላቸው አልተቀመጡም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥማ! ሦስት አዛውንት አናቱ ላይ ቢቆሙበት ጨንቆት ይሁን ባህሉን አክብሮ እንጃ፣ «እሺ፣ በካቴና፣ በአንድ ፖሊስ ታጅቦ ይሂድ» አለ። ያኔ ተቀመጡ። ቄሱ ተመልሰው ሲመጡ ትከሻዬን መታ አድርገው «ኢንሻ አላህ ታልፋለህ» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ኮሌጁ ወርክሾፕ ደረስን። መዛኟ ከደሴ የመጣች ቆፍጣና ሴት ናት። ካቴናዬን አየች። ወረቀቷን አንሥታ ጮክ ብላ አነበበች።

«የመጀመሪያው የደህንነት ደንብ። እጁ ላይ ብረት ያለ ሰው ወደ ቦርዱ አይጠጋም። ሰዓት፣ ቀለበት፣ አምባር፣ ሁሉም ይውለቅ።»

ተመዛኞቹ ሰዓታቸውን ፈቱ። እኔ ሁለት እጄን ወደ ፖሊሱ ዘረጋሁ።

«አንዱን ልፍታልህ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁለቱን እንድፈታ አልታዘዝኩም።»

ሆዴ እሺ በል አለኝ። እምቢ ብል ምዘናው ሊያመልጠኝ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ወራት የተማርኩት በደንቡ ለመሥራት ነው፤ ካቴና አንጠልጥዬ ሠርቼ ባልፍ ፈቃዱን ባየሁት ቁጥር የማፍር መሰለኝ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አንዱም ቢሆን ብረት ነው» አልኩት። «ካልሆነ እንመለስ።»

መዛኟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔም ሰዓቱን አላስጀምርም» አለች። ሌሎቹ ፒንሳቸውን እንደያዙ ቆሙ። ፖሊሱ በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቁልፉን አወጣ።

ሥራው አንድ አምፖል ከሁለት ቦታ ማብራትና ማጥፋት ነበር። ሽቦውን ልጬ አንድ በአንድ ገጠምኩ። ማብሪያውን ስጫን ከሁሉ ቀድሞ «በራ!» ብሎ የጮኸው ፖሊሱ ነው። መዛኟ ገላመጠችው። መሣሪያዎቹን በየቦታቸው መልሼ፣ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ ሳልጠየቅ እጄን ዘረጋሁለት። ሳያጠብቅ አሰረኝ።

ውጤቱንም ያመጣልን እሱ ነው። በሳምንቱ መጋዘኑን ከፍቶ «ኤሌክትሪሻኑ የታል? ብቁ ተብሏል!» አለ። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ዘለለ፤ አቧራው ተነሣና ሁላችንም እያስነጠስን ሳቅን። ደስታዬን ዛሬም አልረሳውም።

ከወር በኋላ ለቀቁን። ለምን እንደታሰርኩም ሆነ ለምን እንደተፈታሁ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት አልሰጡኝም። አንዳንዴ ይከነክነኛል፣ ምን እዋሻለሁ። አሁን ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ የሰው ቤት መስመር እዘረጋለሁ፤ ደንበኛ ፈቃድህን አሳየኝ ሲለኝ አውጥቼ አሳያለሁ። ቀኑን አይተው ግራ የሚጋቡ የአገሬ ሰዎች አሉ።

«ያኔ ታስረህ አልነበር እንዴ?»

«አዎ» እላለሁ። «ታስሬ ነው ያለፍኩት።»