በመጨረሻው ገጽ ላይ የነበሩት ስሞች

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያም ሰው የነገርሁትን ይዞ ዝም በማለቱ ተገደለ። ስለዚህ የምናዘዝበት የነፍስ አባት የለኝም። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ያለ መስቀልና ያለ ፍትሐት፣ እናንተ ስሙኝ።

ቡሬ ላይ የንባብ ቤት ሊከፈት ነው። ከአባትሽ ሣጥን የተረፉትን መጻሕፍት አምጪ፣ ለልጅ የሚሆነውን ለብቻ፣ ለአዋቂ የሚሆነውን ለብቻ፣ ታሪኩን ከተረቱ፣ የመድኃኒቱን ከመንፈሳዊው ለይተሽ ጻፊልን አሉኝ። ተቀመጥሁ። «ለልጆች፦ የእንስሳት ተረት፣ ሥዕል ያለው» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ «ለአዋቂዎች» አልሁና እጄ ቆመ። ለማን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ እያልሁ አይደል ሰው ያሰቀልሁት?

አዎ፣ እኔ ነኝ። እንየውን ያሰቀልሁት እኔ ነኝ። ዳምጤን ያሰቀልሁት እኔ ነኝ። አባ ወልደ ትንሣኤን ያስገደልኋቸውም እኔ ነኝ።

አባቴ የአገረ ገዢ ጸሐፊ ነበር። ሲዘምት አንድ ሣጥን መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። እኔ አዲስ አበባ ስማር ቆይቼ ጣሊያን ሲገባ ወደ ቡሬ ተመለስሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አላገባሁም፣ እንዝርት አልወድም፣ አንድ ቦታ ተቀመጪ ሲሉኝ ያንገበግበኛል። መጽሐፍ በነጠላዬ ሸፍኜ ከቡሬ እስከ ማንኩሳ እየዞርሁ አውስ ጀመር። ለአራስ የመድኃኒቱን፣ ባሏ ለሞተባት የቅዱሳኑን ገድል፣ የማንኩሳው ገበሬ የእንየው ልጅ ለሆነችው ለሙሉ የእንስሳቱን ተረት። ሙሉ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ዳዊት የደገመ ሰው ነበርና እሱ ራሱ ፊደል አስቆጥሯታል። በሩ ላይ ባየኝ ቁጥር ይቀልድብኛል። «እቴ፣ ሁልጊዜ መጽሐፍ ብቻ ነው እንዴ? ባል ይዘሽ የምትመጪው መቼ ነው?» ይለኛል።

ወንዶቹ አጥብቀው የሚፈልጉት ግን አንድ መጽሐፍ ነበር። የአንዲት ትንሽ አገር ገበሬዎች ወራሪን በገደልና በጫካ እያደቡ እንዴት እንዳባረሩ የሚተርክ ታሪክ ነው። እሱን ያነበበ ሁሉ ወይ ጫካ ገባ፣ ወይ ጫካ ላለው ስንቅ አቀበለ።

በአገራችን መጽሐፍ የጻፈም ያጻፈም በመጨረሻው ገጽ የክርስትና ስሙን አስፍሮ ጸልዩልኝ ይላል። የሁላችንም የነፍስ አባት የነበሩት አባ ወልደ ትንሣኤ ይህን ልማድ ወደ እኔ ሣጥን አመጡት። ያነበበ ሁሉ በመጨረሻው ገጽ የክርስትና ስሙን ይጻፍ፣ መጽሐፉ ለማን እንደሚሆንም ይጨምርበት አሉ። «ለኀዘንተኛ ይሆናል።» «ለሰነፍ ልጅ ይሆናል።» እንየው በታሪኩ መጽሐፍ ላይ «ለጎበዝ ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ጣሊያን ቢያገኘውስ ያለ ሰው ነበር። አባም የክርስትና ስማችንን ጣሊያን ከየት ያውቀዋል አሉ። እውነታቸውን ነው። የክርስትና ስም በቁርባንና በፍትሐት ጊዜ ካልሆነ አይጠራም፤ ጎረቤት እንኳ አያውቀውም። የነፍስ አባት ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፣ ፊቴ ነዋ የሚጽፉት!

ቡሬ በነበረው የጣሊያን ምሽግ ውስጥ አንድ አስተርጓሚ ነበር። መልኩ አያስጠላም፤ ልናገር ብያለሁና አልደብቅም። አንድ ቀን ገበያ መሀል አስቆመኝና በነጠላዬ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ አየ። ይቀማኛል ስል አውሺኝ አለኝ። የተረቱን ሰጠሁት። በሳምንቱ መለሰልኝና የወደደውን ተረትና የሰለቸውን ተረት እየለየ አወራኝ። አዲስ አበባን ከለቀቅሁ ወዲህ ስለ መጽሐፍ እንዲህ ያወራኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም።

ከዚያ «ምን ያደርጋል፣ ያንቺ አገር ሰው ከዳዊት ሌላ አያነብም። በከንቱ ነው እግርሽን የምታደክሚው» አለኝ።

ይህ አቃጠለኝ። በማግስቱ የታሪኩን መጽሐፍ ይዤ ሄድሁ። በእግሬ ሄድሁ፣ በእጄ ሰጠሁት፣ የመጨረሻውንም ገጽ ራሴ ገልጬ አሳየሁት።

ሳቀ። «ብዕር እየቀያየርሽ አንቺው የጻፍሽው ነው። ይህ ኃይለ ማርያም የሚባል ሰው አለ?»

«የማንኩሳው እንየው ነው፤ ለልጁ የሰጠሁትን ተረት እንኳ ቀድሟት የጨረሰው እሱ ነው» አልሁት።

«ይሄኛውስ?»

«የቡሬው ዳምጤ ነው።»

ሁለት ቀን ላቆየው አለኝ። አቆየው አልሁት። የማንን እንጀራ እንደሚበላ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ልጅነት ነው አትበሉልኝ፤ ልጅነት አይደለም። ብዙ አንባቢ አለኝ ለማለት፣ ለመታየት፣ የሰው ስም ሰጠሁ።

ቅዳሜ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚሉት ሥፍራ፣ ገበያተኛውን ሰብስበው ሁለቱን አመጧቸው። ያ አስተርጓሚ መጽሐፌን ገልጦ ለገበያው አነበበ። ከእንየው ስም ሲደርስ «ለጎበዝ ይሆናል» የሚለውንም አነበበና ወደ ጣሊያኑ ሹም ዞሮ ተረጎመለት። ሹሙ ፈገግ አለ። ዳምጤ ቶሎ ሞተ። የእንየው ገመድ ተበጠሰ። ወደቀ፣ ጉልበቱ ተሰበረ፣ በደረቱ እየተሳበ ውሃ ለመነ። ውሃ ሳይሰጡት በሌላ ገመድ መልሰው ሰቀሉት። ሚስቱ የሙሉን ዓይን በእጇ ሸፍና ነበር። ልጅቷ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ እያነሣች ስታይ እኔ አየኋት። በዚያው ቀን ማንኩሳ ወርደው ቤቱን አቃጠሉ፤ በሬዎቹ እዚያው ቤት ውስጥ እንደ ታሰሩ ነበር። የበሬ ጩኸት እንደ ሰው መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

በሦስተኛው ቀን አባ ወልደ ትንሣኤ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝሁ። ሁሉን ነገርኋቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ያንቺ ንስሐ ጾም አይደለም። ጫካ ሄደሽ ለአርበኞቹ አለቃ በአፍሽ ትናገሪያለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ አይዞሽ።»

«ሰኞ እንሂድ» አልኋቸው።

ሰኞ አሞኛል ብዬ ላክሁባቸው። የሚቀጥለው ሰኞ ወንዙ ሞልቷል አልሁ። ሦስተኛው ሰኞ ሳይደርስ አርበኞቹ ራሳቸው መጥተው አባን ወሰዷቸው። ነገሩን ሰው ሁሉ እንዲህ አስልቶት ነበር፦ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በማንም በኩል ጣሊያን እጅ ሊወድቅ ይችላል፤ የክርስትና ስሙ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን የነፍስ አባት ነው፤ ስለዚህ የሸጣቸው የነፍስ አባት ነው።

ፈጠም ወንዝ መሻገሪያው ላይ፣ በቀትር፣ ሕዝቡ እያየ አቆሟቸው። እኔ ዐሥር ርምጃ ያህል ርቄ ቆሜአለሁ። አለቃው የዳምጤ የአጎት ልጅ ነበር።

«አባ፣ የእንየውን የክርስትና ስም ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«አለ።»

«ማን ነው?»

«በንስሐ የሰማሁትን አልናገርም።»

«እንግዲያ ራስዎ ነዎት።»

አባ ወደ እኔም አላዩም። አንድ ጊዜ ቢያዩኝ ይታወቅብኝ ነበር፤ ስለዚህ ወንዙን ብቻ ያዩ ነበር። አንዱ በጠመንጃ ሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ጥርሳቸው ከደም ጋር በጢማቸው ላይ ወረደ። ጥምጥማቸው ወድቆ አንዲት ሴት ረገጠችው። ሁለት ጥይት ተኮሱባቸው፤ አልሞቱም፤ በድንጋይ ጨረሷቸው። አፌን ማን አሰረው? ማንም አላሰረውም። እኔ ነኝ ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት ቃል ነው። አልተናገርሁም።

ይህም አይደለም የከፋው። አጠገቤ የቆመች ሴት «ይሁዳ» ብላ ሬሳቸው ላይ ተፋች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ተፋሁ።

ያለ ፍትሐት፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ፣ መንገድ ዳር ቀበሯቸው። እስከ ዛሬ ያለፈ ሁሉ ድንጋይ ይወረውርበታል፤ ክምሩ ከሰው ቁመት በልጧል። ሙሉም ትወረውራለች። አባቴን ያስገደለ ነው እያለች ስትወረውር ከኋላዋ ቆሜ አይቻለሁ።

ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ ምሽጉን የበረበሩ ሰዎች የታሪኩን መጽሐፍ አገኙና ያንቺ ነው መሰል ብለው አመጡልኝ። የመጨረሻው ገጽ እንዳለ ነው። ባለፈው ሳምንት ሙሉ መጣች። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የእንስሳት ተረት አልፏታል። የንባብ ቤቱን ወሬ ሰምታለች።

«እትዬ፣ ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው?» አለችኝ።

ሰኞ ነይ አልኋት።

ይህን የጻፍሁበትን ወረቀት ከመጽሐፉ መጨረሻ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ከእንየውና ከዳምጤ ስም በታች የክርስትና ስሜን፣ ወለተ ሥላሴን፣ ጻፍሁ። ሌሎቹ ጸልዩልኝ ባሉበት ቦታ እኔ ምንም አልጻፍሁም፤ ይቅርታ የሚያደርጉልኝ ሰዎች ከመሬት በታች ናቸው። በአንዱ ላይማ ተፍቼበታለሁ። ለማን እንደሚሆን ግን ጽፌአለሁ፦ ለሙሉ እንየው ይሆናል። ካነበበች በኋላ ወደ ድንጋዩ ክምር አብሬያት እሄዳለሁ፤ በእጇ የያዘችውን ድንጋይ ወዴት እንደምትወረውረው እሷ ታውቃለች።

ሰኞ ነገ ነው። አሞኛል አልልም።