የባልቴቷ ኪኒን

በአራዊት ማቆያው ሁሉም «እታለም» የሚላት የቺምፓንዚዎች ተንከባካቢ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን እየተቆጣች እንስሳን እያባበለች የኖረች ሴት ናት። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ባልቴቷን ነው፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ግንባሯ የተመለጠ ቺምፓንዚ።

ባልቴቷ ልቧ ደከመ፣ እግሯም አበጠ። ወጣቱ የእንስሳት ሐኪም በየጠዋቱ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘላት። «ካልዋጠች ወር አትቆይም፣ እታለም» አላት።

ብልጥ ነኝ ብላ ኪኒኑን ሙዝ ውስጥ ሸጎጠችው። ወይ ጉድ! ባልቴቷ ሙዙን ላጠች፣ ኪኒኑን በሁለት ጣቷ ለቅማ አወጣችና በሽቦው ቀዳዳ መልሳ ለእታለም ሰጠቻት። ከዚያ ወዲያ ከእሷ እጅ ሙዝ የሚባል ነገር እምቢ አለች። እንዲህ ነች፤ ካኮረፈች አኮረፈች ነው።

በአራተኛው ቀን እታለም ጨነቃት። ሽቦው ሥር ቁጢጥ ብላ ኪኒኑን ሳትደብቅ ዘረጋችላት። «መራራ ነው፣ አልዋሽሽም። በሞቴ፣ ዋጪልኝ!»

ባልቴቷ ኪኒኑን አየች። ቀጥላ ጣቷን ወደ እታለም አፍ ቀሰረች። መጀመሪያ አንቺ፣ ማለቷ ነው።

የእንስሳ መድኃኒት አትውጥ ነገር! ድንገት ቦርሳዋ ትዝ አላት። ልጇ በየወሩ የምትከትላት፣ እሷ ግን እንደታሸገ የምታከርመው የደም ግፊት ኪኒን አለ። አንዱን ፈልቅቃ ዋጠችና አፏን ከፍታ አሳየች። ባልቴቷ አንገቷን አስግጋ ጉሮሮዋ ድረስ መረመረቻት። ከዚያ የራሷን ተቀብላ ዋጥ! እታለም እየሳቀች አለቀሰች።

በወሩ ባልቴቷ ደረቷን ሽቦው ላይ ስትለጥፍ ሐኪሙ በማዳመጫው አዳመጣት። «ተመስገን፣ እብጠቱም ጎድሏል» አለ።

እሁድ የእታለም የእረፍት ቀን ነው። ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ ልጇ በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው፣ እማዬ?»

«ባልቴቷ ያለኔ አትውጥማ! እኔ የግፊቴን፣ እሷ የልቧን፤ አብረን ነው።»

ልጅቷ ክው አለች። «ሁለት ዓመት ስለምንሽ፣ ሳለቅስብሽ! ለኔ ያልዋጥሽውን ለጦጣ ብለሽ ዋጥሽ?»

እታለም ለወትሮው ምላሷ የሚቀድማት ሴት፣ ዛሬ አፈረች። ልጇ ምን ያህል ፈርታላት እንደኖረች ገና አሁን ገባት።

«አንቺ ዋጪ አልሽኝ፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «እሷ አብራኝ ዋጠች።»

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ቆይ፣ አብሬሽ ልምጣ» አለችና ጫማዋን ፍለጋ ገባች።